ባለጉዳይ ስንት ቀን ተመላለሰ? በክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤት አፈጻጸምንና ምርታማነትን የመለካት መመሪያ

በሐዋሳ በአንድ ክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤት የዕቅድና ክትትል ባለሙያ ሆኜ በምሠራበት ጊዜ የሩብ ዓመቱን ሪፖርት የምጽፈው እኔ ነበርኩ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የማይቀር አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ይህን ያህል ተገልጋዮችን ለማስተናገድ ታቅዶ ይህን ያህሉ ተስተናግደዋል፣ አፈጻጸሙም ከመቶ ይህን ያህል ነው የሚል። ቁጥሩ የሚመጣው በየመስኮቱ ከሚቀመጠው የተገልጋይ መዝገብ ነው። አንድ ቀን መዝገቡን ገጽ በገጽ እያገላበጥኩ ስደምር የአንዲት እናት ስም አራት ጊዜ ተጽፎ አገኘሁ። የጠየቁት አንድ የልደት ምስክር ወረቀት ብቻ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ቀን ፎቶግራፍ ጎድሏል ተብለው፣ ሌላ ቀን ፈራሚው ስብሰባ ሄዶ፣ በሦስተኛው ቀን ሲስተም ጠፍቶ ተመልሰዋል። በእኔ ሪፖርት ውስጥ ግን እኚህ እናት አራት ተገልጋይ ሆነው ተደምረዋል።

ይህን ጉዳይ አቅልሎ ማየት አይቻልም። አንድ ጉዳይ ያላቸው 100 ሰዎች እያንዳንዳቸው ሦስት ጊዜ ቢመላለሱ መዝገቡ 300 ተገልጋይ ያሳያል። ጽሕፈት ቤቱ አሠራሩን አስተካክሎ ብዙዎቹን በመጀመሪያው ቀን ቢጨርስላቸውና ምልልሱ በድምሩ ወደ 120 ቢወርድ፣ ሪፖርቱ አፈጻጸሙ በ60 በመቶ እንደወደቀ ይናገራል። ስለዚህ በብዙ መሥሪያ ቤቶች የተለመደው አቆጣጠር ሕዝብን የሚያጉላላውን ያስመሰግናል፣ ሥራውን ያቃለለውን ደግሞ ያስወቅሳል። ቢፒአር (የሥራ ሂደትን ከመሠረቱ የመለወጥ ዘዴ)፣ ሚዛናዊ ስኮር ካርድ (የዕቅድና የውጤት መመዘኛ ሥርዓት)፣ ካይዘን (ከጃፓን የመጣ የሥራ ማሻሻያ ዘዴ) እና የዜጎች ቻርተር (መሥሪያ ቤቱ አገልግሎቱን በስንት ቀን እንደሚሰጥ ለሕዝብ ቃል የሚገባበት ሰነድ) በየተራ ሲመጡ ሁሉም የየራሳቸውን ቅጽ ይዘው መጥተዋል፤ ከሥር ያለው አቆጣጠር ካልተስተካከለ ግን በየትኛውም ቅጽ ላይ የሚሞላው ቁጥር ያው ነው። ከዚህ በታች የቀረበው አካሄድ አዲስ ሶፍትዌርም ሆነ ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድ ደብተር፣ ጥቂት ካርቶን ካርዶችና ቁጥሩ ደስ ባያሰኝም እንዳለ ለመጻፍ የተስማማ ኃላፊ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ አንድ አገልግሎት መምረጥ ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመለካት የተነሣ ጽሕፈት ቤት አንዱንም በቅጡ ሳይለካ ዓመቱ ያልቅበታል። ብዙ ባለጉዳይ የሚመጣበትንና ብዙ ቅሬታ የሚነሣበትን አንድ አገልግሎት፣ ለምሳሌ የንግድ ፈቃድ እድሳትን፣ የነዋሪነት መታወቂያን ወይም የይዞታ ስም ዝውውርን ይምረጡ። ቀጥሎም ሁለት ነጥቦችን በጽሑፍ ይወስኑ፤ ጉዳዩ ተጀመረ የሚባለው መቼ ነው፣ አለቀ የሚባለውስ መቼ ነው? የእኔ ጽኑ አቋም መነሻው ባለጉዳዩ ለመጀመሪያ ጊዜ መስኮቱ ላይ ቀርቦ የጠየቀበት ቀን መሆን አለበት የሚል ነው፤ ሰነዱ ተሟልቶ ፋይል የተከፈተበት ቀን መሆን የለበትም። መድረሻውም ወረቀቱ በባለጉዳዩ እጅ የገባበት ቀን እንጂ የተፈረመበት ቀን አይደለም። ተፈርሞ ማኅተም እየጠበቀ በመሳቢያ ውስጥ የሚያድር ወረቀት ለባለጉዳዩ ገና አልተሰጠም።

መዝገቡን በዚህ መሠረት ማስተካከል ቀላል ነው። በየቀኑ አዲስ መስመር ከመክፈት ይልቅ ለአንድ ጉዳይ አንድ መስመር ይሰጣል፤ በመስመሩም ላይ የመጀመሪያው ቀን፣ ባለጉዳዩ የመጣባቸው ቀናት ብዛት፣ ያለቀበት ቀንና የተመለሰበት ምክንያት ይጻፋል። ምክንያቱ በረጅሙ ከተጻፈ በኋላ መደመር ስለሚያስቸግር በቁጥር ይሁን፤ 1 ሰነድ ጎድሎ፣ 2 ፈራሚ ሳይኖር፣ 3 ሲስተም ወይም መብራት ጠፍቶ፣ 4 ፋይሉ ከመዝገብ ቤት ሳይገኝ፣ 5 ሌላ። አምስተኛው ከሌሎቹ በልጦ ከተገኘ ባለሙያዎቹ ምክንያቱን መጻፍ ፈርተዋል ማለት ነውና ከመስኮት ሠራተኞቹ ጋር ተቀምጦ መነጋገር ያስፈልጋል። ባለጉዳዩ ስልክ ቁጥሩን ካስመዘገበ በሁለተኛው ቀን ሲመጣ መስመሩን ፈልጎ ማግኘት አያስቸግርም። በዚህ ደብተር ላይ አንድ ወር ከተሠራ በኋላ ከሁሉ በፊት የሚታየው ቁጥር አንድ ጉዳይ ለማለቅ በአማካይ ስንት ምልልስ እንደሚጠይቅ ነው። በ2017 በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት የሚደረገውን ጉዞ ለማስቀረት የታሰበ ነው፤ እንዲህ ያለ ማዕከል በየትኛውም ከተማ ቢከፈት መሳካት አለመሳካቱ የሚታወቀው በዚሁ ቁጥር ነው።

ምርታማነትን ማስላት

አፈጻጸምና ምርታማነት በሪፖርቶቻችን ውስጥ እንደ አንድ ቃል ሲቀላቀሉ ይታያል፤ የተለያዩ ናቸው። አፈጻጸም የተከናወነው ከታቀደው ጋር ሲነጻጸር ነው፤ ዕቅዱ ዝቅ ተደርጎ ከተያዘ አፈጻጸሙ ያለ ምንም ድካም ከመቶ በላይ ይሆናል። ምርታማነት ግን የተከናወነው ሥራ ለእሱ ከወጣው ጉልበትና ገንዘብ ጋር ሲካፈል የሚገኝ ነው፤ ዕቅድን ዝቅ በማድረግ ከፍ ሊል አይችልም። የበጀት አጠቃቀምን ከመቶ 99 ብሎ በውጤት ገጽ ላይ ማስፈርም ከዚሁ መቀላቀል የሚመጣ ነው፤ የወጣ ብር ግብዓት እንጂ ውጤት አይደለም። ይህ ግራ መጋባት የእኛ ብቻ አለመሆኑንም መናገር ተገቢ ነው። የአገር ጠቅላላ ምርት የሚሰላበት የአገሮች ብሔራዊ የሒሳብ መዝገብ ለረጅም ዘመን የመንግሥትን አገልግሎት ምርት የሚገምተው በወጣው ወጪ ልክ ስለነበር፣ በአቆጣጠሩ ብቻ የመንግሥት ምርታማነት ሊያድግም ሊወድቅም አይችልም ነበር። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የሚሰጡትን አገልግሎቶች በቀጥታ ወደ መቁጠር ተሸጋገረች፤ የኢኮኖሚ ምሁሩ ቶኒ አትኪንሰንም እ.ኤ.አ. በ2005 ባቀረቡት ሪፖርት ቆጠራው የአገልግሎቱን ጥራት ጭምር እንዲያካትት የሚመሩ መርሆዎችን አስቀመጡ።

ለአንድ ጽሕፈት ቤት የሚሆነው ስሌት ይህን ያህል አይከብድም። በላይ የሚቀመጠው በወሩ ውስጥ ያለቁ ጉዳዮች ብዛት ነው፤ በታች የሚቀመጠው ደግሞ ሠራተኞች በእርግጥ በሥራው ላይ የዋሉባቸው ቀናት ድምር ነው። የዓመት ፈቃድ፣ ሥልጠና፣ ስብሰባና የመስክ ሥራ ከቀናቱ ይቀነሳሉ፤ ሆኖም የተቀነሱት ቀናት በሌላ ዓምድ ሳይጻፉ መታለፍ የለባቸውም፤ ምክንያቱም አንዳንድ ወር ትልቁ የጉልበት ብክነት ተደብቆ የሚገኘው በዚያ ዓምድ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ጉዳዮች እኩል አይከብዱም። የንግድ ፈቃድ ማደስና አዲስ ፈቃድ ማውጣት እኩል አንድ አንድ ሆነው ከተቆጠሩ፣ ከባዱን ሥራ የሚሠራ ቡድን ሰነፍ መስሎ ይታያል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ የጉዳይ ዓይነት የሚወስደውን ጊዜ ያማከለ ክብደት መስጠት ነው። ልምድ ያላቸው ሁለት ሦስት ባለሙያዎች ሲሠሩ በሰዓት ታይተው፣ ለምሳሌ አንድ አዲስ ፈቃድ የአራት እድሳት ያህል ጊዜ ይወስዳል ተብሎ ከተወሰነ ክብደቱ 4 ይሆናል። እንግዲህ በአንድ ወር 400 እድሳትና 50 አዲስ ፈቃድ ተሠርቶ ሠራተኞች በድምሩ 100 ቀን ቢሠሩ፣ ክብደት የተሰጠው ሥራ 600፣ ምርታማነቱም በአንድ የሠራተኛ ቀን 6 ይሆናል። በሚቀጥለው ወር 300 እድሳትና 90 አዲስ ፈቃድ በ88 የሠራተኛ ቀን ቢሠራ ደግሞ ሥራው 660፣ ምርታማነቱ 7.5 ነው። በተራ ቆጠራ ከ450 ወደ 390 የወረደ የሚመስለው ቡድን በእርግጥ ምርታማነቱን በአንድ አራተኛ አሳድጓል። ክብደቶቹ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሐምሌ ላይ ብቻ ይከለሱ፤ በየሩብ ዓመቱ ከተለዋወጡ ማነጻጸሪያው ይጠፋል።

ወራትን ስናነጻጽርም ጥንቃቄ ያሻል። የንግድ ፈቃድ መስኮት በበጀት ዓመቱ መጀመሪያና የእድሳት ጊዜው ሊያበቃ በተቃረበበት በታኅሣሥ የሚያጨናንቀው ሕዝብ በመጋቢት የለም። ታኅሣሥን ከኅዳር ጋር ሳይሆን ካለፈው ዓመት ታኅሣሥ ጋር ያስተያዩ።

ጊዜን መለካት

አማካይ ቀን ብቻውን ያታልላል። አሥር ፋይሎች እንደ ቅደም ተከተላቸው በ1፣ 1፣ 1፣ 2፣ 2፣ 2፣ 3፣ 3፣ 20 እና 45 ቀናት አለቁ እንበል። ድምሩ 80፣ አማካዩ 8 ቀን ነው፤ ነገር ግን ከአሥሩ ሰዎች መካከል ስምንት ቀን የጠበቀ አንድም ሰው የለም። ስለዚህ ሁለት ቁጥር ይጻፍ፤ አንዱ ፋይሎቹ ከአጭሩ ወደ ረጅሙ ሲደረደሩ መካከል ላይ የሚገኘው ሲሆን በዚህ ምሳሌ 2 ቀን ነው። ሌላው ከአሥር ዘጠኙ የሚያልቁበት ጊዜ ሲሆን እዚህ 20 ቀን ነው። የመጀመሪያው ቀና ያለው ጉዳይ እንዴት እንደሚሄድ ሲናገር፣ ሁለተኛው ደግሞ ጉዳያቸው የተወሳሰበባቸው ሰዎች የሚከፍሉትን ዋጋ ያሳያል። በእኔ ልምድ ሁለተኛው ዘንድ የሚገኙት ብዙ ጊዜ ከገጠር ቀበሌ የሚመጡ፣ ጉዳይ የሚከታተልላቸው ዘመድ ከተማ የሌላቸው፣ ወይም መስኮቱ ላይ ያለው ባለሙያ ሲዳሙ አፎ (የሲዳማ ቋንቋ) የማይናገር ሆኖ ያልተግባቡ ሰዎች ናቸው። ከቻርተሩ ስታንዳርድ ጋር መነጻጸር ያለበትም ይህ ሁለተኛው ቁጥር ነው።

ያለቁ ፋይሎችን ብቻ መለካትም ሌላ ቀዳዳ አለው፤ ለዓመት የተጠቀለለ ፋይል እስካላለቀ ድረስ በየትኛውም ስሌት ውስጥ አይገባም። ስለዚህ በየወሩ መጨረሻ በእጅ ላይ ያሉት ያላለቁ ፋይሎች መቆጠር አለባቸው። ይህ ቆጠራ ሌላም ጥቅም አለው። አሜሪካዊው ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 በሒሳብ እንዳረጋገጡት፣ የሚገባውና የሚወጣው ሥራ በተመጣጠነበት ሁኔታ በእጅ ያለው ብዛት በቀን ለሚያልቀው ብዛት ሲካፈል አንድ ጉዳይ በአማካይ የሚቆይበትን ጊዜ ይሰጣል። በመደርደሪያው ላይ 240 ፋይል ካለና በቀን 12 የሚያልቅ ከሆነ፣ ዛሬ ፋይል የከፈተ ሰው 20 የሥራ ቀን ይጠብቃል። ለዚህ ስሌት መደርደሪያውን ከመቁጠር በቀር ሌላ ነገር አያስፈልግም። በግድግዳው ላይ የተለጠፈው ቻርተር አምስት ቀን የሚል ከሆነ ልዩነቱ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይታወቃል።

የወረፋ ጊዜ የሚለካው ግን በር ላይ ተቁሞ ነው። እኛ የተጠቀምነው ካርቶን ቆርጠን ያዘጋጀናቸውን ካርዶች ነበር፤ ሰው ሲደርስ የደረሰበትን ሰዓት ጽፈን እንሰጠዋለን፣ መስኮቱ ላይ ያለው ባለሙያ ሲጀምርለትና ሲጨርስለት ሰዓቱን ጽፎ ይቀበለዋል። መጀመሪያ የሠራንበት ቀን ሰኞ ነበር። ሥራ የሚጀመረው ከጠዋቱ 2፡30 ቢሆንም እኔ 2፡00 ላይ ስደርስ ከዛፉ ሥር ያለው አግዳሚ ወንበር ሞልቶ ነበር። የመጀመሪያው ባለጉዳይ መስኮቱ ላይ የቀረበው ደግሞ የጠዋቱ ውይይት ካበቃ በኋላ 3፡20 ነው። አንድ አዛውንት ካርዱን አገላብጠው አዩና፦

«ልጄ፣ ይሄ የወረፋ ነው?» አሉኝ።

«አይ አባቴ፣ የቆዩበትን ሰዓት የምንመዘግብበት ነው።»

«እሱንማ ፀሐዩ መዝግቦታል» ብለው ካርዱን በጥንቃቄ ከሰነዳቸው ጋር በፌስታል ውስጥ አስገቡት። እኚህ ሰው የተስተናገዱበት ጊዜ 9 ደቂቃ፣ የጠበቁበት ግን ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ነበር። በዚያው ሳምንት በሪፖርታችን ላይ የነበረው «አገልግሎቱ በ10 ደቂቃ ይሰጣል» የሚለው አባባል ሐሰት እንዳልነበረ፣ ነገር ግን ከባለጉዳዩ ቀን ውስጥ እጅግ ጥቂቱን ብቻ የሚናገር እንደነበረ ገባኝ።

ካርዱን በየቀኑ መጠቀም አያስፈልግም። በወር ውስጥ አራት ቀን፣ ከእነዚህም አንዱ ሰኞ፣ አንዱ የወሩ የመጨረሻ ሳምንት እንዲሆን አድርጎ አስቀድሞ በዕጣ መወሰን ይበቃል። የበላይ አካል የሚጎበኝበት ቀን አይለካ፤ በዚያን ዕለት ሁሉም ፈራሚ በቦታው ስለሚገኝ ቁጥሩ የሌላውን ቀን እውነት አይናገርም። ሲስተም ወይም መብራት ሲጠፋ የጠፋበትና የመጣበት ሰዓት በደብተሩ ላይ ይጻፍ፤ ነገር ግን ከባለጉዳዩ የቆይታ ጊዜ ላይ አይቀነስ። ለባለጉዳዩ ቀኑ በሲስተምም ይባክን በፈራሚ መጥፋት የባከነው ያው ነው፤ ለጽሕፈት ቤቱ ደግሞ ስንት ሰዓት በኔትወርክ ምክንያት እንደጠፋ በቁጥር ማቅረብ መፍትሔ ለመጠየቅ ከማንኛውም ደብዳቤ የተሻለ ማስረጃ ነው።

ጥራትና የመጨረሻው ውጤት

በፍጥነት የተሰጠ የተሳሳተ ወረቀት ምርት አይደለም። በልደት ምስክር ወረቀት ላይ የአባት ስም አንድ ፊደል ቢሳሳት፣ ወይም በእንግሊዝኛው በኩል ያለው አጻጻፍ ከትምህርት ማስረጃው ጋር ባይገጥም፣ ቤተሰቡ ይህን የሚያውቀው ከዓመታት በኋላ ፓስፖርት ሲጠይቅ ነው፤ ያን ጊዜ ለማረም የሚወስደው ድካም በመጀመሪያ ከነበረው ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ በየወሩ ካለቁት ፋይሎች ውስጥ 30 ያህሉ በዕጣ ወጥተው ወረቀቱን ባልሠራው ባለሙያ ይመርመሩ፤ የተሳሳቱት ብዛት ካለቁት ጉዳዮች ጎን ይጻፍ። ለእርማት የተመለሰ ጉዳይም እንደ አዲስ ምርት አይቆጠር።

ከዚህ አልፎ፣ መስኮቱ ላይ ያልመጣውን ሰው የሚያሳይ መለኪያ ቢያንስ አንድ መኖር አለበት። የወሳኝ ኩነት ምዝገባን፣ ማለትም የልደት፣ የሞት፣ የጋብቻና የፍቺ ምዝገባን እንውሰድ። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት። አንድ የቀበሌ ምዝገባ ጽሕፈት ቤት የመጣለትን ሁሉ በዕለቱ ቢመዘግብ የመስኮቱ ቁጥር ያማረ ይሆናል፤ ሆኖም በአቅራቢያው ባለው ጤና ጣቢያ ከተወለዱት ሕፃናት ግማሾቹ ሳይመዘገቡ ቀርተው ሊሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ በየሩብ ዓመቱ የቀበሌውን ልደቶች ብዛት ከጤና ጣቢያው የወሊድና የክትባት መዝገብ ወስዶ በ90 ቀን ውስጥ ከተመዘገቡት ጋር ማስተያየት ነው። ስም መለዋወጥ አያስፈልግም፤ ብዛቱ ይበቃል። ከሁሉም መለኪያዎች ይልቅ ይህን እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም ያልተመዘገበ ሕፃን ቅሬታ አያቀርብም፣ በአስተያየት መስጫ ሣጥን ውስጥም ወረቀት አይጥልም።

ቁጥሩ እንዳይበላሽ

እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ባለሙያ ቻርልስ ጉድሃርት እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ሲጽፉ፣ ለቁጥጥር ሲባል ጫና የተደረገበት ቁጥር ቀድሞ የነበረውን ትርጉም እንደሚያጣ አስተውለው ነበር። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍል የገባ ሕሙም በ4 ሰዓት ውስጥ ታይቶ እንዲያልቅ ግብ በተጣለ ጊዜ፣ እጅግ ብዙ ሕሙማን ከክፍሉ የሚወጡት 4 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ሆኖ ታየ። በእኛ መስኮቶች ይኸው ነገር የሚገለጸው ሰነዱ ሙሉ እስኪሆን ፋይል ባለመክፈት ነው፤ ፋይል ካልተከፈተ ቀን አይቆጠርም። መነሻው የመጀመሪያው ጥያቄ ቀን ይሁን ያልኩት ለዚህ ነው፤ በር ላይ የተመለሰ ሰውም በደብተሩ ላይ መስመር ይኑረው። በተጨማሪም ከወሩ ፋይሎች አሥሩን መርጦ ለባለጉዳዮቹ ስልክ ደውሎ መቼ እንደጀመሩና ስንት ቀን እንደመጡ መጠየቅ የደብተሩን ታማኝነት ይፈትናል። ይህን ጥሪ የሚያደርገው በመስኮቱ ላይ የማይሠራ ሰው ይሁን።

ሌላው ጥንቃቄ ስለ ሠራተኛው ነው። የስድስት ወር የሥራ አፈጻጸም ምዘና አለ፣ ይኖራልም፤ እነዚህ ቁጥሮች ግን የግለሰብ ነጥብ መስጫ ሆነው እንዲያገለግሉ አልመክርም። ፋይል የጠፋው በመዝገብ ቤት፣ ፊርማ የዘገየው በኃላፊ፣ ሲስተም የተቋረጠው ከከተማው ውጪ ሆኖ ሳለ መስኮት ላይ የተቀመጠችውን ልጅ በቀናት ብዛት መቅጣት ፍትሕ የጎደለው ነው፤ ከተደረገም በሚቀጥለው ወር ደብተሩ ላይ የሚጻፈው ቀን እውነተኛ አይሆንም። ቁጥሩ ለሥራ ሂደቱ ይሁን። ምክንያት 2 የበዛ እንደሆነ የሚጠየቀው ውክልና ያልሰጠው ኃላፊ ነው፤ ምክንያት 1 ከበዛ ደግሞ መፈተሽ ያለበት የሚያስፈልጉት ሰነዶች ዝርዝር በበር ላይ በሚነበብ መጠን፣ በሲዳሙ አፎና በአማርኛ ተለጥፏል ወይ የሚለው ነው። እኛ ዘንድ ከሁሉም የበዛው ምክንያት 1 ነበር፤ ዝርዝሩም ተለጥፎ የተገኘው ባለጉዳይ በማይገባበት በውስጠኛው ኮሪደር ነው።

ከሐምሌ 1 የሚጀምር ጽሕፈት ቤት የመጀመሪያውን ወር ቆጠራውን ለመልመድ ብቻ ይጠቀምበት፤ በዚያ ወር ምንም ግብ አይጣል። ነሐሴና መስከረም መነሻ ቁጥር ይሰጣሉ። ከጥቅምት ጀምሮ በየወሩ በ5ኛው ቀን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ፣ ባለጉዳይ በሚያልፍበት በኩል፣ በአንድ ወረቀት አራት መስመር ይለጠፍ፦ አንድ ጉዳይ የጠየቀው ምልልስ፣ ከአሥር ዘጠኙ ያለቀበት ቀን፣ በአንድ የሠራተኛ ቀን ያለቀው ሥራ፣ በወሩ መጨረሻ ያላለቁ ፋይሎች። ከእያንዳንዱ ጎን ያለፈው ወርና ያለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ቁጥር ይጻፍ፤ የዓምና ቁጥር ከሌለ ቦታው ባዶ ይተው እንጂ በግምት አይሞላ።